የእማማ አንጓች ጉርሻ

የዛሬውን ንባብ ሰምታችኋል፤ ባልንጀራን ስለ መውደድ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ስለሆነ፣ አንዳንዶቻችሁ ገና ከአሁኑ ዓይናችሁ መክበድ እንደጀመረ እዚህ ቆሜ አያለሁ። ግድ የለም። አንድ ታሪክ ልንገራችሁና እንነቃቃ። ከበስተኋላ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። ነፍሰ ጡር እህት ቆማ ካያችሁ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ቦታ ልቀቁላት፤ ታሪኩ የእሷ ነውና ቁጭ ብላ ትስማው።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ብቻዋን መብላት የማትችል ሴት።

አትችልም ስላችሁ ነገር ማሳመሬ አይደለም። ከገበያ ሙዝ ገዝታ ስትመለስ፣ በመንገድ ላገኘችው ሁሉ «እንካ ቅመስ፣ እንኪ ቅመሺ» ስትል ቤቷ የምትደርሰው ባዶ ፌስታል ይዛ ነው። ባሏ «ሙዙስ?» ይላታል። «ሰው አገኘሁ» ትላለች። በቃ፣ ሌላ መልስ የላትም። ሰው አገኘች!

ስሟ ትሁኔ ነው። ኑሮዋ ጎጃም ውስጥ፣ አስፋልቱ መሐል ለመሐል ሰንጥቋት በሚያልፍ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ይበልጣል ባጃጅ ይነዳል። የባሏ እናት እማማ አንጓች አብረዋቸው ይኖራሉ። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ደብሬ የምትባል ጎረቤት አለች፤ የአጥሩ ቀዳዳ በእሷ ዓይን ልክ የተሠራ ይመስላል። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት እናንተም አላችሁ። ከሌላችሁ እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

ትሁኔን እንዲህ አድርጎ ያሳደጋት አባቷ ነው። ማዕድ በቀረበ ቁጥር «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላት ነበር። ልጅቱ ቃሉን ከእንጀራው ጋር ዋጠችው። ክፉ ትምህርት ነው ወይ? አይደለም! አገር ያቆመ ትምህርት ነው። ግን ታገሡኝ፤ መልካም ነገርም ቦታውን ሲስት ምን እንደሚያደርግ ታያላችሁ።

ትሁኔና ይበልጣል ተጋብተው ዓመታት አለፉ፤ ልጅ አልመጣም። እማማ አንጓች ያልተሳሉበት ታቦት፣ ያልጠጡት ጠበል አልነበረም። ጎረቤት በአጥር ቀዳዳ የትሁኔን ሆድ እያየ ሰለቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ግን፣ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ትሁኔ አረገዘች። እማማ አንጓች እልል ሲሉ ይበልጣል ባጃጁን መንገድ ላይ ጥሎ መጣ፤ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት።

ደስታው ደስታ ነው። ሴትዮዋ ግን ደከመች። ከስፌት መኪናዋ ስትነሳ ዓለም ትዞርባታለች። ከጓሮ እስከ በረንዳ ስትራመድ ተራራ የወጣች ያህል ትንፋሽ ያጥራታል። ልቧ ድም ድም ይላል። ፊቷ ገረጣ። «እርግዝና ነው፤ ያለፍንበት ነው» አሉ ሴቶቹ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ ይህን ማንም አያውቅም። ትሁኔን አፈር ያምራታል። የጓሮው የጭቃ ግድግዳ ዝናብ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ ምራቋን ያመጣዋል። ሰው አለመኖሩን አይታ በመቀሷ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ታደርግና ትቅማለች። እማማ አንጓች ግድግዳውን እያዩ «ይህ አይጥ ደግሞ ከየት መጣብን?» እያሉ ወጥመድ ያጠምዳሉ። እንግዲህ ፍረዱ! ያቺ ሙዝ ብቻዋን መብላት የማትችል ሴት፣ በዚህ ዓለም ላይ ብቻዋን የምትበላው ነገር ቢኖር አፈር ብቻ ሆነ።

ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄደች። አዋላጇ ሲስተር ባንቺአምላክ የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች፤ ቀይ መሆን የነበረበት ነጥቷል። ጣቷን ወግታ ደሟን ለካች። ያየችው ቁጥር አላማራትም።

«ትሁኔ፣ ደም አንሶሻል» አለቻት። «ሰውነታችን ደም የሚሠራው በብረት ማዕድን ነው። አሁን አንቺ ለሁለት ነው የምትሠሪው፤ ያለሽን ደግሞ ልጁ እየወሰደው ነው። እንዲህ ሆነሽ ምጥ ላይ ብትደርሺ፣ ሌላው የሚችለውን መድማት አንቺ አትችይውም። ልጁም ሳይጠና ሊወለድ ይችላል። ግን አይዞሽ፤ መድኃኒት አለው።»

ቀያይ ክኒኖች በፓኮ ሰጠቻት። በየቀኑ አንድ፣ በውኃ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ቢኖር ደግ ነው፤ ሻይና ቡና ግን ከክኒኑ ጋር አይሆንም፣ ሥራውን ያስሩበታል። ምስሩን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን፣ ሲገኝም ጉበቱንና ሥጋውን ብዪ። ሕፃን ልጅ እንዳይነካው አርቀሽ አስቀምጪ፤ ለሕፃን መርዝ ነው። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰገራሽ ጥቁር ይሆናል። ክኒኑ ነው፣ እንዳትደነግጪ» አለቻት።

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በዚህ በተቀደሰ ቦታ ስለ ሰገራ ማውራት ነውር ነው የምትሉ አላችሁ። እዚያ ጥግ ያሉት አባት ከአሁኑ መቋሚያቸውን ጨብጠዋል። አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይሄድልኝም።

ትሁኔ ክኒኗን ይዛ ቤት ገባች። ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ ፓኮውን አወጣች።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉ እማማ አንጓች።

«ደም የሚተካ ክኒን ነው እማማ።»

«ደም የሚተካ?» እማማ አንጓች ጉልበታቸውን ያዙ። «ወይ ጉድ! እኔስ ደሜ ካለቀ ስንት ዘመኔ! ይኸው ከመደቡ ስነሳ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ ልንገራችሁ ወይስ ታውቁታላችሁ? ታውቁታላችሁ። እሷ ልትውጥ፣ አሮጊት እናት ደግሞ ቁጭ ብለው ሊያዩ? የአባቷ ቃል ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። «እንኩ እማማ፣ ይቅመሱ» አለች። ይበልጣልም ቀና አለ። «እኔም እኮ ቀኑን ሙሉ አቧራና ፀሐይ ነው የሚውጠኝ፤ ፊቴን አላየሽውም?» አንድ ለእሱ። በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ድምፅ መጣ፤ «ትሁንዬ፣ ራሴን ያዞረኝ የለ እንዴ!» አንድ ለደብሬ።

በማግሥቱም እንዲሁ። በሠልስቱም እንዲሁ። ክኒኑ በዚያ ግቢ እንደ ቆሎ ይዞር ጀመር። እሷስ? እሷማ መጨረሻ ላይ ናት። ዙሩ ሲያበቃ አንዳንድ ቀን ለራሷ ታደርሳለች፣ አንዳንድ ቀን «የኔ ነገ ይደርሳል» ብላ ፓኮውን ታጥፋለች።

ሁሉን ታካፍል የነበረች ሴት አንዲት ነገር ግን አላካፈለችም። የሰገራውን ወሬ። ለአማት እንዴት ተብሎ ይነገራል? ዋጠችው። ክኒኑን አከፋፍላ ማስጠንቀቂያውን ለራሷ አስቀረች።

በዚያ ሰሞን እማማ አንጓች ዝም ዝም ማለት አበዙ። ጠዋት ከጓሮ ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነው። የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። ልጃቸውን ጠርተው፣ «ያ አዲሱ ነጠላዬ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ለሌላ ነገር እንዳታውሉት፤ ለምን እንደሆነ ትደርስበታለህ» አሉት። ከደብሬ ጋር ከዓመት በፊት በተጣሉባት ዶሮ ነገር ታረቁ። «ምነው እማማ፣ ደህና ነዎት?» ሲሏቸው፣ «ደህና ነኝ። የልጅ ልጄን ማየት ነው እንጂ ሌላ ምን ቀረኝ» ይላሉ። ቤተ ሰቡ ግራ ገባው።

የትሁኔ የቀጠሮ ቀን ሲደርስ እማማ አንጓች «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ይበልጣል ሁለቱን በባጃጅ ጭኖ አደረሳቸው።

ሲስተር ባንቺአምላክ የዓይኗን ሽፋን ሳብ አደረገች። ከበፊቱ ይልቅ ነጥቷል። ደሟን ለካች። እንደገና ለካች። ደሙ ከፍ ማለቱ ቀርቶ ወርዷል።

«ትሁኔ፣ ክኒኑን ትወስጂ ነበር?»

«ቤታችን ውስጥ አንድም አልቀረም ሲስተር» አለች ትሁኔ። እውነቷን ነው፣ አንድም አልቀረም።

«በሻይ ነው የወሰድሽው?»

«ኧረ በውኃ።»

አዋላጇ ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። «እንግዲህ ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው» አለች። «ሆስፒታል ልልክሽ ነው። ደም መስጠት ሊያስፈልግም ይችላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚህ ደም መውለድሽ ያስፈራኛል።»

ትሁኔ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ስንት ዓመት የተለመነ ልጅ! ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። እንባዋ ቁልቁል ወረደ።

አዋላጇ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር። «ቆይ፣ ሰገራሽስ ጠቁሮ ነበር?»

«አይ፣ እምብዛም አልጠቆረም» አለች ትሁኔ አንገቷን ደፍታ።

በዚህ ጊዜ ከጥግ፣ ከአግዳሚው ላይ፣ አንድ ጩኸት ተሰማ።

«የኔ ጠቁሯል!»

እማማ አንጓች ናቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል። «የኔ ጠቁሯል ልጄ! እንደ ከሰል! ሆዴ ውስጥ ክፉ በሽታ ገብቷል ብዬ ለማን ልንገር? ነፍሰ ጡር ላስደነግጥ ነው? ንስሐዬን ገብቻለሁ፣ መገነዣዬን አዘጋጅቻለሁ፣ ከዚያች ከደብሬ ጋር እንኳ ሳልወድ በግድ ታርቄያለሁ!»

ሲስተር ባንቺአምላክ አሮጊቷን አየች። ትሁኔን አየች። ደግሞ አሮጊቷን አየች።

«እማማ፣ ቀይ ክኒን ውጠዋል?»

«የደሙን? እንዴታ፣ በየማታው! እድሜ ለትሁኔ፣ አንድ ቀን ሳታቀምሰኝ አድራ አታውቅም።»

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ይበልጣል ጉሮሮውን ጠራረገ። «እ… ሲስተር፣ የኔም ነገር… እኔ እንኳ ከሆቴሉ ምግብ ነው ብዬ…»

አዋላጇ ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቁ ለእማማ አንጓችም ደረሳቸው፤ አልሞቱማ! «በእመቤቴ፣ ክኒኑ ነው? ክኒኑ ነው እያልሽኝ ነው?» ብለው ተነሥተው እልል ሊሉ ሲሉ፣ ከውጭ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ።

እናንተም ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ሳቅ ደም ይሆናል ይባላል። ግን ሲስተር ባንቺአምላክ ሳቋን ስትጨርስ ያለችውን ስሙ።

«እማማ፣ እርስዎ ጤነኛ ነዎት። ይበልጣል፣ አንተም እንደ በሬ ጠንካራ ነህ። ደም የሚያስፈልጋት ይህችው ናት። ክኒኑን ለአንድ ሰው ሰጠሁ፣ አገር ተከፋፈለው።» ከዚያ ወደ ትሁኔ ዞረች። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«ብቻዬን እንዴት ልብላ?» አለች ትሁኔ። የምሯን ነው። «ነውር አይሆንም?»

አዋላጇ እጇን የትሁኔ ሆድ ላይ አደረገች። «ብቻዬን ነው የምትዪው? መቼ ብቻሽን ሆንሽ? ለእማማ ስትሰጪ የሰጠሽው የማንን ነው? ያንቺን መስሎሻል። ያንቺ አልነበረም እኮ። እዚህ ውስጥ አንድ እንግዳ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በር የለው፣ እጅ አይዘረጋ፣ ‹ለኔም አድርሺልኝ› አይል። የሚደርሰው አንቺ የዋጥሽው ብቻ ነው። አንቺ ካልበላሽ እሱ በምን ይበላል?»

ወገኖቼ፣ ትሁኔ ይህን ስትሰማ ምን ሆነች መሰላችሁ? ሆዷን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «እንግዳዬን አስርቤው!» አለች። ያቺ ማንንም አስርባ የማታውቅ ሴት! እማማ አንጓችም አለቀሱ። «የልጅ ልጄን ድርሻ ኖሯል የበላሁት» አሉ። ይበልጣል መሬት መሬቱን አየ።

አዋላጇ አዲስ ክኒን ሰጠች። «ሆስፒታሉን ትንሽ እንታገሠው፤ በቅርብ ቀን ስትመጪ እለካሻለሁ። ካልተሻሻለ ግን እንሄዳለን» አለች። ትሁኔ እጇን ስትዘረጋ እማማ አንጓች ቀድመው ፓኮውን ለቀም አደረጉና መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። «ይህስ ከእንግዲህ ከኔ ወገብ አይወርድም» አሉ።

ማታ ራት ተበላ። እማማ አንጓች አንድ ክኒን አውጥተው ለትሁኔ ሰጧት። ትሁኔ ተቀበለች። እጇ ግን፣ አመል ክፉ ነው፣ ወዲያው ወደ ይበልጣል ተዘረጋ! እማማ አንጓች መዳፏን ጠፍ አደረጉት። «ወደ ራስሽ!»

ትሁኔ ክኒኑን ወደ አፏ አስጠጋች። አማቷ ያያሉ። ባሏ ያያል። ከአጥሩም ዓይን አለ። አፏ ውስጥ አልገባ አላት። «አልቻልኩም እማማ» አለች። «ሰው እያየኝ ብቻዬን… አልለመደብኝም። አፈር ስሆን ይተዉኝ፣ ነገ እውጠዋለሁ።»

እማማ አንጓች ፊደል አልቆጠሩም፤ አገራቸውን ግን ያውቋታል። ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ክኒኑን በሦስት ጣታቸው ያዙና በምራታቸው ፊት ቆሙ።

«በይ አፍሽን ክፈቺ። ይህ ክኒን አይደለም፣ ጉርሻ ነው። እኔ እናትሽ ላጎርስሽ ቆሜያለሁ። የቆመ ሰው ጉርሻ እምቢ ይባላል?»

ይባላል? እናንተ ንገሩኝ እስቲ። አይባልም!

ትሁኔ አፏን ከፈተች። ዋጠች። ውኃ ተጎነጨች።

አላበቃም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ እማማ አንጓች። ይበልጣል ደነገጠ፤ «እማዬ፣ በቀን አንድ ብቻ ነው ተብሏል!» «ዝም በል አንተ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አሉና ሁለተኛውን ጉርሻ ከድስቱ ጠቀለሉ፤ የምስር ወጥ፣ ሎሚ ጠብ የተደረገበት። ሁለት ያፋቅራላ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ግቢ ሥርዓት ይኸው ሆነ። አንዱ ጉርሻ ክኒን፣ ሁለተኛው እንደ ተገኘው። አንድ ቀን ጎመን፣ አንድ ቀን እንቁላል፣ ይበልጣል የቀናው ዕለት ጉበት ጥብስ። ማታ ማታ ደብሬ በቀዳዳዋ «ዋጠች?» ትላለች። «ዋጠች!» ይሏታል። ሻይ ማፍያው ከራት በኋላ የት እንደሚደበቅ የሚያውቁት እማማ አንጓች ብቻ ናቸው።

ቀላል ነበር አልላችሁም። ክኒኑ ያቅለሸልሻት ነበር፣ ሆዷን ያደርቃት ነበር። ደብሬም አንድ ጊዜ፣ ከሰው ሰምታ፣ «ይህ ክኒን ልጁን አገዝፎ ምጥ ያከብዳል አሉ» ብላ አስፈራራቻት። ትሁኔ ልትተው ዳዳች። እማማ አንጓች ግን ለወሬ ጊዜ አልነበራቸውም፤ እንደገና ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሄዱ። ሲስተር ባንቺአምላክ ምጥ የሚያከብደው ክኒን ሳይሆን አቅም ማጣት መሆኑን ነገረቻቸው። ምግብ በልታ ትውሰደው፣ ውኃ ትጠጣ፣ አታቋርጥ። ደሟን ለካች። ወደ ላይ ብሏል! ጥቂት ነው፣ ግን ወደ ላይ ነው። ሆስፒታሉም ቀረ።

በሳምንታት ውስጥ የትሁኔ ፊት ተመለሰ። ከስፌት መኪናዋ ስትነሳ ዓለም ባለበት ይቆም ጀመር። አንድ ቀን ጓሮ ወጥታ ዝናብ የነካውን ግድግዳ አሸተተች፤ ጭቃ ጭቃ ሸተታት፣ ሌላ ምንም፤ ደሟ ሲተካ አምሮቱም ጠፍቷል። «አይጡ ተወን» አሉ እማማ አንጓች። ትሁኔ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ምጧ መጣ። ጤና ጣቢያ ደረሰች፣ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ልጅቱ ስታለቅስ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ከዚያ ግን ደም መፍሰስ ጀመረ፤ ከልኩ አለፈ። ሲስተር ባንቺአምላክ ደም የሚያቆመውን መርፌ ወጋቻት፣ ሆዷን አሸች፣ ከባልደረቦቿ ጋር ወዲያ ወዲህ አለች። እማማ አንጓች በሩ ላይ ተንበርክከው «ድርሻዋን በልታለች ጌታዬ፣ ድርሻዋን በልታለች» ይሉ ነበር። ያን ያህል አጭር ጸሎት ሰምቼ አላውቅም።

ደሙ ቆመ። ትሁኔ ገርጥታ፣ ደክማ፣ ግን ዓይኗን ገልጣ፣ «ልጄን» አለች።

አዋላጇ ወደ በሩ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። «እማማ» አለች፣ «በዚያን ቀኑ ደሟ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። ያዳናት ያ ጉርሻዎ ነው።»

እማማ አንጓች ሕፃኗን ተቀብለው ግንባሯን ሳሙ። «የበላሁብሽን ይቅር በይኝ» አሏት። ይቅር ያለቻቸው መሆን አለበት፤ ልብሳቸውን አርጥባ ተኛች።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሁ? በክርስትናዋ ቀን እማማ አንጓች ራሳቸው፣ ድንኳኑ መሐል ቆመው፣ ከሰገራው ጀምሮ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩን። በዚያው ዕለት ትሁኔን አየኋት። ያው ናት! ሕፃን ታቅፋ፣ ትሪ ይዛ፣ እንግዳ ለእንግዳ እየተሽከረከረች «ብሉልኝ፣ ጨምሩ» ትላለች፤ እሷ አንድ እህል አልቀመሰችም። አመል ከመቃብር በላይ ነው። እማማ አንጓች ከድንኳኑ ጫፍ ጉርሻ ጠቅልለው ብድግ ሲሉ፣ ድንኳኑ በሙሉ፣ ደብሬ እየመራች፣ «አፍሽን ክፈቺ!» አለ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ።

ባልንጀራችሁን ውደዱ ተብላችኋል። ትወዳላችሁም። በዚህ ጉባኤ ውስጥ ስንት ትሁኔዎች እንዳሉ እኔ አላውቅም መሰላችሁ? ሁሉን አብልታ ድስት ጠራርጋ የምትተኛ። የልጆቿን ትኩሳት በእጇ ለክታ የራሷን ራስ ምታት የምትደብቅ። «የኔ ይቆየኝ» ማለት ጽድቅ የሚመስላት። እህቴ፣ ልጠይቅሽ፤ የምትሰጪው ያንቺን ብቻ ነው? እርግጠኛ ነሽ? በአንቺ በኩል ካልሆነ የማይደርሰው ሰው የለም? አንቺ ስትደክሚ የሚራብ፣ አንቺ ስትወድቂ የሚወድቅ? እግዚአብሔር በአንቺ እጅ ያስቀመጠለትን ድርሻ፣ ቸር ነኝ ብለሽ እንዳታባክኚበት። እሱ እጁን ዘርግቶ አይለምንሽም።

እናንተ ወንዶችስ? ዝም አላችሁ። ይበልጣል ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። ሲሰጡት ተቀበለ፣ በቃ። ከፊቷ መንጣት ይልቅ የራሱ አቧራ ታየው። ቤታችሁ ውስጥ የማንን ክኒን እየዋጣችሁ ነው? ማን ሳትተኛ ነው እናንተ የምታርፉት? የማን ድርሻ ነው በእናንተ ሆድ ውስጥ እየጠቆረ ያለው?

አባቴ፣ መቋሚያውን ያስቀምጡት፤ ጨርሻለሁ።

እናቶችና አማቶች፣ ለእናንተ ያለኝ ምስጋና ነው። ያችን ሴት ምክር አላዳናትም፤ ስትመከር ኖራለች። ያዳናት አንዲት እናት እጇን ታጥባ ፊቷ መቆሟ ነው። ነፍሰ ጡር በቤታችሁ ካለች ክትትሏን አስጀምሯት፣ አብራችኋት ሂዱ፣ የታዘዘላትን አትቅመሱባት። «እንድትበላ ነግሬያታለሁ» አይበቃም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደየቤታችሁ ግቡ። ማዕድ ሲቀርብ፣ ማንም ሳይጀምር፣ ሁልጊዜ የምታጎርሰውን ያችን ሴት ፈልጓት። ጓዳ ናት፣ ጥሯት። «እናንተ ብሉ፣ እኔ በኋላ» ትላለች፤ አትስሟት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላችሁ በፊቷ ቁሙ። ሁለተኛውንም አትርሱ።

እናንተም እህቶቼ፣ ጉርሻው ሲመጣ ወዲያና ወዲህ አትዩ፣ ለማን ላካፍለው አትበሉ።

አፋችሁን ክፈቱ።